ወሬው ሳያልቅ የገባንበት ጠባብ በር

ሰው ሰባ ዓመት ከሞላው በኋላ የሚናደደው በጉልበቱና በደም ግፊቱ ብቻ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ባለፈው እሑድ እንደተናደድኩት በሃያ ዓመቴም ተናድጄ አላውቅም። የእህቴ የልጅ ልጅ ሄርሜላ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ሚኒባስ ተከራይተው ከራ ዲጶን ሊያዩ ሲነሱ «እማማ፣ ቤት ተቀምጠሽ ከምትነጫነጪ አብረሽን ነይ» አለችኝ። ከራ ዲጶ በኦሮምኛ ጠባብ በር ማለት ነው። ከከተማችን ከድሬ በስተደቡብ፣ ከተራራው እግር ሥር፣ ጎርፍ ቀዩን ድንጋይ ለዘመናት እየበላ የከፈተው ስንጥቅ ነው። ወለሉ አሸዋ ነው፤ ግድግዳው በመዳፍ የተለሰነ ይመስላል፤ አንዳንድ ቦታ ትከሻውን ያላዘነበለ ሰው አያሳልፍም። ከላዩ ደግሞ አሸዋማው ወንዝ ሲጠማዘዝ ቁልቁል የሚታይበት አፋፍ አለ። አርባ ዓመት አልረገጥኩትም ነበር። ለምን እሺ እንዳልኩ እግዜር ይወቀው።

የሚያስጎበኘን ቢኒ የሚባል፣ ቲሸርቱ ላይ ስሙን ያስጻፈ፣ አፈ ጮሌ ጎረምሳ ነው። ከስንጥቁ አፍ ላይ አሰልፎን ጉሮሮውን ጠረገና «በደርግ ጊዜ» አለ፣ «ከአንድ ፋብሪካ ሊጎበኙ ከመጡ ሠራተኞች መካከል አንዲት ሴት እዚህ ውስጥ በደራሽ ውሃ ተወስዳለች። አስጎብኚው መንገዱ ፍጹም ሰላም መሆኑን በአንደበቱ አረጋግጦ ሠራተኛውን ወደ ውስጥ በማስገባቱ የደረሰ አደጋ ነው። ሰውየው ሙሜ ይባላል፣ ታስሯል። እኛ ግን ሥልጠና የወሰድን ስለሆንን አትስጉ!» ልጆቹ ሳቁ። አንዷ ስልኳን አውጥታ ከንፈሯን አሹላ ፎቶ ተነሣች። እኔ «ውሸታም!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ድንጋዩ ላይ ተጋጭቶ ተመለሰ፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሄርሜላ «ፀሐይ ነው፣ ፀሐይ መቷት ነው» እያለች የውሃ ላስቲክ አፌ ላይ ደቀነችብኝ። እውነቱን ለመናገር ልጁ ላይ መጮኼ አግባብ አልነበረም፤ ያቺ ያነበነባት ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣች ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ሙሜ ግን ጥፋት የለበትም። ይህን ሳልናገር ብሞት መቃብርም አይቀበለኝ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ከጦርነቱ በኋላ፣ ከረሃቡ በፊት ነው። ከከዚራ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ለመድረስ ጋሪ በስሙኒ ነበር፤ ዛሬ የባጃጁን ዋጋ የሰማ ሰው በእግሩ መሄድ ይቀለዋል። በዘይት የተጠበሰ ባጂያ በአስር ሳንቲም፣ ሻይ በወተት በአስራ አምስት። በሥራ ቀን ካኪ እንለብሳለን፤ እሑድ ሲሆን ግን ከጅቡቲ በባቡር ተደብቆ በገባ ስስ ጨርቅ የተሰፋ ሰፊ ቀሚሳችንን፣ ዲሪያችንን አጥልቀን፣ ነፋስ እየነፋልን፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ወዲያ ወዲህ እንላለን። ወንዶቹ ጸጉራቸውን እንደ ቁጥቋጦ አጎፍረው፣ እግሩ የሰፋ ሱሪያቸው አስፋልቱን እየጠረገ ይከተሉናል። በመንግሥት ሬዲዮ የሰልፍ መዝሙር ይዘፈናል፤ የመጋላ ሻይ ቤቶች የሬዲዮውን ድምፅ ቀነስ አድርገው የሱማሌ ካሴት ያጫውታሉ፤ ካድሬ ብቅ ሲል ደግሞ ሬዲዮው ከፍ ይላል። እኩዮቼ ይህን ዘመን ሲያነሱ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። የእኔ አያቀርርም። ጋሪው ርካሽ ነበር፤ የሰው ስምም እንደዚያው ርካሽ ነበር። ለባጂያው ሲሉ የረሱትን ነገር እኔ አልረሳሁትም፤ ወይም ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ከአንድ ግሪክ ተወርሶ የመንግሥት በሆነ ትንሽ የከረጢት ፋብሪካ ታይፒስት ነበርኩ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ባቡር ላይ የሠራ ሰው ነው፤ እኔ ግን ደቻቱ ዳር በኦሮምኛና በሱማሌኛ እየተሰዳደብኩ ያደግኩ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ፣ ፋብሪካው ውስጥ አስተርጓሚ በተፈለገ ቁጥር «ሰብለን ጥሯት» ነው። ጓደኛዬ ዘይቱና ትባላለች፤ የመጋላ ልጅ፣ የከረጢት አፍ ሰፊ። ጣቶቿ በሲባጎ ተቆራርጠው ጥፍሯን ቀይ መቀባት የማትተው፣ ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ የሚሰማ ሴት ነበረች። የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ ግርማ ነው። ከደጋ ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱ ሲሆን የድሬን ሙቀት ራሱ ፀረ-አብዮት አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነበር። በትንሹም በትልቁም ፊሽካ ይነፋል። አንድ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከአዲስ አበባ፣ ሁለት እንግዶች መጡና «የአካባቢው ተፈጥሮ ይታይ» ተባለ። ጓድ ግርማ ከሠራተኛው ስምንት መርጦ እሑድ ጠዋት በፋብሪካው መኪና ወደ ከራ ዲጶ ጫነን።

እዚያ ያለ ሙሜና ያለ ልጁ ያለ ኑሪያ ማንም አይገባም ነበር። የሙሜ ቤት ከስንጥቁ አፍ የድምፅ ርቀት ላይ ነው፤ አባቱም አያቱም እዚያው ግመል ያረቡ ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም፤ አንተ እያልን ነው የምናከብረው፣ ሙሜንም እንደዚያው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ የሚታጠቅ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር። ኑሪያ ያኔ ወደ አስራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ድንጋዩን እንደ ቤቷ ደረጃ ነበር የምትወጣው። ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ከመግባት በፊት አንዱ አፋፉ ላይ ወጥቶ ወንዙንና ተራራውን ማየት አለበት። ሁለተኛው፣ ከላይ ከደጋው የሚወርድ መንገደኛ ከተገኘ ወሬውን ሳይሰሙ አይገቡም። የድሬ ሰው ያውቃል፤ የእኛ ጎርፍ ከራሳችን ሰማይ አይመጣም። እዚህ ፀሐይ እያቃጠለችህ ላይኛው አገር የዘነበው ነው መጥቶ የሚወስድህ።

ይህን የወሬ ነገር ላስረዳ፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። እነሙሜ ዘንድ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቆሞ ወሬ ይቀባበላል። ኦዱ ይሉታል። ይህም ሥርዓት አለው። የመጣው ሰው አስቀድሞ «ነገያ» ይላል፣ ሰላም ነው ማለቱ ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት ቢሆንም መጀመሪያ ሰላም ነው የሚለው፤ ክፉ ነገር ገና ከሰላምታው ሰው ፊት ላይ አይወረወርም። ከዚያ ከሰው ይጀምርና ወደ ከብት ይሄዳል፣ ከከብት ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ዝናብ። ሰሚው በትሩን ተደግፎ «እህ» እያለ ይከተላል እንጂ አያቋርጥም። ክፉ ነገር ካለ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ይህን የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ የማመልጥ እንዳይመስላችሁ።

እንደደረስን አንድ ሽማግሌ እንጨት የጫኑ ሁለት ግመሎች እየነዱ ከላይ ወረዱ። ሙሜ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። ሠራተኞቹ ራቅ ብለው ግራር ሥር ዳቦና ውሃቸውን እያወረዱ ነበር፤ ዘይቱና ታኮ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። ከሙሜ አጠገብ የቆምነው እኔ፣ ጓድ ግርማና ሁለቱ እንግዶች ነን። «ነገያ?» «ነገያ።» ልጆቹስ፣ ሚስትስ፣ ጎረቤትስ፤ ሁሉም ነገያ። ግመሎቹስ፣ ፍየሎቹስ፤ ሽማግሌው ቀስ እያሉ፣ አንዷ ፍየል እንዴት እንደታመመች ሁሉ ይናገራሉ፤ ሙሜ «እህ፣ እህ» ይላል።

«ጓድ ሰብለ፣ ዘመዱ ናቸው እንዴ?» አለ ጓድ ግርማ ሰዓቱን እያየ።

«ኧረ ጓድ፣ ሰላምታ ነው።»

«ይሄ ሰላምታ ነው?» አለ አንደኛው እንግዳ። «እኛ ዘንድ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሽማግሌ ተልኮ፣ ልጅቷ ተድራ፣ መልስም ተጠርቷል!»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መሳቄ ብቻ አልበቃ ብሎኝ፣ በአዲስ አበባ ሰዎች ፊት የሀገሬ ሰው ቆሞ ፍየል መቁጠሩ አሳፍሮኝ፣ «ጓድ፣ ዝም ካልናቸው የፍየሎቹን አያቶችም ጤና ይጠያየቃሉ» አልኩ። ይባስ ብለው ሳቁ። እኔም ያሳቅኋቸው መስሎኝ ኮራሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄን መቁረጥ ያሰኘኛል።

«በአጭሩ ምን አለ?» አለ ጓድ ግርማ።

«ሰላም ነው አለ።»

ሙሜ አማርኛ ይሰማ ነበር። ዓይኑን ከሽማግሌው ሳይነቅል መዳፉን ወደ እኔ ዘርግቶ «ሂን ዱምኔ» አለኝ። አላለቀም ማለት ነው። በደንብ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም ይሰማኛል። ጓድ ግርማ «አሁን ደግሞ ምን አለ?» ሲለኝ ግን «ምንም አይደለም» አልኩት። ፊሽካው ተነፋ። ሠራተኛው ከግራሩ ሥር ተነሥቶ በሰልፍ እየዘፈነ አለፈ፤ ግመሎቹ ደንብረው ወደ ጎን ወጡ፤ ሽማግሌው ንግግራቸው አፋቸው ላይ ቀርቶ፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ግመሎቻቸውን መለሱና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሙሜ ተከትሏቸው የቀረውን ከመስማትና ያለ መሪ የገቡትን አሥራ አንድ ሰዎች ከመከተል አንዱን መምረጥ ነበረበት። ድንጋዩ ላይ ለነበረችው ለኑሪያ አንድ ቃል ወርውሮላት ከኋላችን ሮጦ ገባ።

ውስጡ ያምራል፤ ይህን መካድ አልችልም። ብርሃኑ ከላይ በቀጭኑ ይወርድና ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ቀዩ ወደ ብርቱካን ይለወጣል። አሸዋው ቀዝቃዛ ነው፤ ከድሬ ሙቀት የመጣ ሰው እግሩን ያስደስተዋል። ዘይቱና ጫማዋን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ በሌላው ግድግዳውን እየዳበሰች ከሁላችን ቀድማ መታጠፊያው ጋ ደርሳ ነበር። «ሰብሊ፣ ነይ እዪ! አቦ ይሄን ነገር ማን ሠራው?» ስትለኝ ሰማኋት። ከዚያ ከላይ፣ ከአፋፉ፣ የኑሪያ ጩኸት መጣ። ቃሉን ለመስማት ጊዜ አልነበረንም። የእርጥብ አፈር ሽታ ቀደመ፣ ከዚያ ድምፁ። ሙሜ በር ላይ እንደቆመ እረኛ እያንዳንዳችንን እጁ በደረሰበት ይዞ ወደ አንድ የድንጋይ መደብ ወረወረን። እኔን በጸጉሬ ነው የያዘኝ። ጓድ ግርማን በሁለት እጁ አቅፎ ነው ያወጣው። ዘይቱና መታጠፊያው ጋ ነበረች። ውሃው ግንድ እያንከባለለ መጣና በእኛና በእሷ መካከል ገባ። ሙሜ ወደ እሷ ወረደ፤ ግንዱ ክንዱን ሰብሮ መልሶ መታው። አሥራ አንድ ሆነን ገብተን አሥር ሆነን ወጣን። ዘይቱናን በሦስተኛው ቀን ታች አሸዋው ላይ አገኟት። ከበላያችን ያለው ሰማይ ያን ቀን ሙሉ ጠብታ አልጣለም።

ማክሰኞ ዕለት ጓድ ግርማ ቢሮ አስጠራኝና ወረቀት አስገቢ አለኝ። ሁለት ካርቦን አደረግሁ። እሱ እየተንጎራደደ ይናገራል፤ እኔ እመታለሁ። «አስጎብኚው መንገዱ ፍጹም ሰላም መሆኑን በአንደበቱ አረጋግጦ ሠራተኛውን ወደ ውስጥ በማስገባቱ የደረሰ አደጋ ነው።» ሰማችሁ? ቢኒ እሑድ ዕለት በቃሉ ያነበነባት እሷን ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ አንድ ፊደል ሳታጎድል፣ ከአንድ ቦታ ከተገኘ አሮጌ ወረቀት ላይ። እነዚህ ጣቶች ናቸው የጻፏት። ያን ጊዜ እጄን ከታይፑ ላይ አንሥቼ «ጓድ፣ አላለቀም ብሎ ነበር እኮ» አልኩ፤ በጣም ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ጓድ ግርማ መንጎራደዱን አቆመ። «ሰላም ነው አለ ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም?» «ነኝ።» «እንግዲያው ያላለቀው ምንድን ነው? ያንቺ ስም በየትኛው መስመር ይግባ?» እንደ አስተርጓሚ ፈረምኩ። በሳምንቱ ሙሜ የተሰበረ ክንዱን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ በአሻጥር ተከሶ ታሰረ።

ጓድ ግርማን መስደብ ቀላል ነው። አርባ ዓመት ሰድቤዋለሁ፤ ሰድቤው አልጠገብኩም። ነፍሱን ያወጣለትን ሰው አሳስሮ ሹመት አግኝቶ ወደ ደጋው ተመለሰ፤ የት እንደገባ አላውቅም፤ ብርድ ይፈጀው። ግን ጠመንጃ አልደቀነብኝም። መንግሥት ሲለወጥ፣ እነዚያ ሁሉ ጓዶች እንደ ጨው ሲሟሙ፣ አፌን የያዘኝ ማን ነበር? ያን ጊዜ ድሬ ሁሉ ሲናገር፣ ሁሉም የራሱን ሙትና የራሱን እስር ሲቆጥር፣ እኔ ገበያ ውስጥ ኑሪያን ባየሁ ቁጥር ማዶ እሻገር ነበር። «ሙሜ? ሰው ለጎርፍ የሸጠው?» ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፤ የዘይቱና ዘመዶች እንኳ እንደዚያ ይሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሻዬን አማስላለሁ። ቢኒን «ውሸታም» ብዬ የጮኽኩበት ለዚህ ነው። የሚሰደበው ሰው መስተዋት ውስጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። ኑሪያ ሎሚ ነው የምትሸጠው፤ ሻርፗን በጆሮዋ አካባቢ ጠቅልላ፣ የበሰለውን ካልበሰለው ትለያለች።

«ኑሪያ፣ ሰብለ ነኝ» አልኳት።

«አውቄሻለሁ። ማዶ ስትሻገሪ ነው የማላውቅሽ መሰለሽ?»

የመጣሁበትን ነገርኳት፤ ሳቄን፣ መዳፉን፣ «አላለቀም» ማለቱን፣ ወረቀቱን። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ዋላሂ ትገርሚያለሽ» አለች። «ለእኔ ትነግሪኛለሽ? እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ። ሽማግሌውን ሮጬ ደርሼ የቀረውን ያስጨረስኳቸው እኔ ነኝ። ሣሩ ጋ ደርሰው ነበር፤ የቀራቸው ዝናቡ ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል አሉኝ። ከዚያ ነው አፋፉ ላይ የወጣሁት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አቦ ተይኝ! ይቅርታሽን ምን ላድርገው?» ሎሚውን ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። «አባቴ ከእስር ወጥቶ ሰባት ዓመት ኖሯል። ያ ክንዱ ሳይታጠፍለት ሰባት ዓመት። እኔ ልናገርብሽ ስል ‹ተይ፣ ልጅ ስለነበረች ፈርታ ነው፤ ራሷ መጥታ ትናገራለች› ይለኝ ነበር። በሩ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሲሞትም ስምሽን ለማንም አልሰጠም። ሰባት ዓመት፣ ሰብለ! ከቤትሽ እስከ ቤታችን በጋሪ ስንት ነበር?»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። «አልቅሺ ያለሽ አለ?» አለችኝ። «ከኋላሽ ሎሚ የሚገዛ ሰው ቆሟል፤ ዞር በይለት።»

ከዚያ በቀጥታ ቢኒ ወደሚቆምበት ወደ ከዚራ፣ የሚኒባሶቹ ማቆሚያ ሄድኩ። ሲያየኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እማማ፣ ዛሬም ልትሰድቢኝ ነው?» አለ። ፀሐዩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳቋርጥ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ስልኩ ላይ ይጽፋል። ጨዋ ልጅ ነው፤ አፉ ነው የሚቀድመው። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሊንከባከበኝ ብሎ፣ «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትክክለኛውን እናገራለሁ። ግን አስተርጓሚዋን ‹አንዲት ሴት› ብላት አይሻልም? ስምሽ ባይነሣ ጥሩ ነው፤ ቤተሰብ አለሽ» አለኝ።

ደሜ እንደገና ፈላ።

«የሙሜን ስም በየእሑዱ ስትጠራ ቤተሰብ እንዳለው ጠይቀህ ነበር?» አልኩት። «ጻፍ። ሰብለ በል። ታይፒስት የነበረች፣ የባቡር ሠራተኛው ልጅ በል። አላለቀም ሲላት ሰምታ ምንም አይደለም ያለችው እሷ ናት በል። በሕይወት አለች ወይ ብለው ከጠየቁህ፣ እዚሁ ከዚራ ናት በልና ቤቴን አሳያቸው።»